የግዴታ ስፓኒሽና አንድ የቆየ ዕዳ

አብዛኞቻችሁ አታውቁኝም። በ2010 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ዲቪ ደረሰኝና ዶርሜን፣ ያልጨረስኩትን የሥነ ልሳን አሳይመንትና ለጓደኛ ያዋስኳቸውን ሁለት መጻሕፍት (እስካሁን አልተመለሱም) ትቼ ወደ አሜሪካ ሄድኩ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ይህች መጽሔታችን በጓደኞቼ በኩል ስትደርሰኝ ከዳር እስከ ዳር ነው የማነባት። ስለ ሞክሼ ሆሄያት የምትከራከሩትን ሳነብ እዚያው ካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ስፓኒሽ ነው። “አማርኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ስፓኒሽ ምን ያደርጋል?” የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ዞሬ ዞሬ ወደ እናንተው እመጣለሁ።

እዚህ አገር የቢ.ኤ. ዲግሪ የሚሰጡ ብዙ ኮሌጆች ተማሪው ከመመረቁ በፊት የውጭ ቋንቋ እንዲወስድ ያስገድዳሉ። አንዱ ሁለት ሴሚስተር ይበቃል ይላል፣ ሌላው እስከ አራት ያደርሰዋል። የትኛውን ቋንቋ እንደሚወስድ የሚመርጠው ተማሪው ነው ይባላል፤ ነገር ግን እኔ በተማርኩበት ኮሌጅ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የማይጋጨው ስፓኒሽ ብቻ ነበር። እኔ ብቻም አይደለሁም። የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ቆጠራ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ለመማር በኮሌጅ ከተመዘገቡት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የስፓኒሽ ተማሪዎች ነበሩ።

ኮርሱ እንደሚጠብቀኝ የነገረችኝ አካዳሚክ አድቫይዘሬ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን፣ ጨዋ ልጅ። “ሁለት ሴሚስተር የውጭ ቋንቋ ይቀርሃል” አለችኝ። እኔም በጣም በመገረም፣ አሁን የማናግርሽ በውጭ ቋንቋ አይደለም ወይ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ያሉትን መንገዶች ሁሉ አየንላቸው። አንደኛው መንገድ ፈተና ወስዶ ማለፍ ነው። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ክሌፕ የሚባለው ፈተና በቋንቋ በኩል ያለው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ነው። አማርኛ የለም። ኮሌጁም ራሱ በአማርኛ የሚፈትን ሰው የለውም። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ የተማረ ሰው ከግዴታው ነፃ ይሆናል የሚል ነበር። “እንግዲያው ተገላገልኩ” ብዬ ደስ ሳይለኝ ትራንስክሪፕቴን ገለጠችና የትምህርት ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ።

ይህን ስታነቡ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የነበረው መጽሐፉና ፈተናው ነው እንጂ፣ ፊዚክሱንም ታሪኩንም መምህሮቻችን በአማርኛ ሲያስረዱን፣ እኛም በአማርኛ ስንጠይቅ አልነበር? ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳት? ባስረዳት ደግሞ በገዛ አፌ ትራንስክሪፕቴ ውሸት ነው ማለቴ ነው። ዝም አልኩ። ስፓኒሽ አንድ ተመዘገብኩ። አራት ክሬዲት፣ በዚያ ላይ የቤት ሥራውን በኮምፒውተር ለመሥራት የሚያስፈልገው ኮድ ብቻውን ከመቶ ዶላር በላይ። እኔ ማታ ማታ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን የማጥብ ሰው ነኝ። ያንን መቶ ዶላር በስንት ሳህን እንደምመልሰው እያሰላሁ ነው የከፈልኩት።

ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ከእኛ ኮሌጅ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ቅጾቻቸውን በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። እዚያ አማርኛዬ ማስታወቂያ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እዚህ ደግሞ ምንም ቋንቋ እንደማያውቅ ሰው ተቆጥሬ “ሄሎ” ማለትን ልማር ነው። አሁንም ቢሆን ይሄ ነገር ልክ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ሰው ሌላ ቋንቋ ይወቅ የሚል ሕግ ያወጣ ኮሌጅ፣ የሚያውቀውን ሰው “ታውቃለህ ወይ?” ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ በዚህ ስሜት ነው በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ላይ ከአሥራ ስምንትና ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች መሀል ሄጄ የተቀመጥኩት። መምህርታችን ኮሎምቢያዊት ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በእጅ፣ በፊት፣ በሥዕል ነው የሚያስረዱት። ክፍሉ ግማሹ ግራ ተጋብቶ ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ሆኜ ተገኘሁ። ምክንያቱም አሜሪካውያኑ የሚጨነቁበት ነገር ሁሉ ለእኛ እዚያው ቤታችን ያለ ነው። “አብሎ” ማለት “እናገራለሁ” ነው፤ “እኔ” የሚለው ቃል አያስፈልግም፣ ማን እንደሆነ ግሡ ራሱ ይናገራል። እነሱ “እንዴት ያለ ባለቤት ዓረፍተ ነገር ይሆናል?” እያሉ ይከራከራሉ፤ እኔ ምን አከራከራቸው እላለሁ። “ፔሮ” የሚለው ቃል “ሮ” ሲላላ “ግን” ማለት ነው፣ ሲጠብቅና ሲንቀጠቀጥ ደግሞ “ውሻ”። ክፍሉ ሙሉ “ግን” እና “ውሻ” እያምታታ ሲስቅ፣ እኔ ለካ “አለ” ላልቶ “ተናገረ”፣ ጠብቆ “ይገኛል” የምንለውን በፊደላችን ሳንጽፈው ዕድሜ ልካችንን ስንለየው ኖረናል ብዬ አሰብኩ። እነሱ እንኳ “ረ”ን ሁለት ጊዜ ጽፈው ያሳያሉ! “አብሌ” እና “አብላባ” የሚባሉት ሁለት ኃላፊ ጊዜዎች የተማሪ ማስለቀሻ ናቸው። እኔ “ተናገርኩ” እና “እናገር ነበር” ብዬ ደብተሬ ጥግ ላይ ጻፍኩና ጨረስኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን “ሜ ጉስታ” ነው። ስፓኒሾች ቡና እወዳለሁ ሲሉ “ሜ ጉስታ ኤል ካፌ” ይላሉ። ባለቤቱ ቡናው ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተማሪ ይሄ አይዋጥለትም፤ “ዮ ጉስቶ” እያለ ራሱን ባለቤት ያደርጋል፣ መምህርቷ ያርማሉ፣ ተመልሶ ያው ነው። እኔ እጄን አወጣሁና “በእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው” አልኩ። መምህርቷ ቾካቸውን ሰጥተው ወደ ሰሌዳው ጠሩኝ። “ቡና ደስ ይለኛል” ብዬ በፊደላችን ጻፍኩ። ደስ የሚለው ቡናው ነው፣ ደስታው የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ እኔ ያለሁት መጨረሻ ላይ “ኝ” ውስጥ ነው። ቀጥዬ “ራሴን ያመኛል” ብዬ ጻፍኩ፤ እሳቸው ከጎኑ “ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ” ብለው ጻፉበት። ክፍሉ ዝም ብሎ ያየናል። አማርኛ እዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ያገኘው ያን ቀን ይመስለኛል። በቀረውስ እውነቱን ልንገራችሁ? ይህን ነገር እኛ ዲፓርትመንት የአማርኛ ሰዋስው ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ለሚድ ሸምድጄ፣ ኤ አምጥቼበት፣ ረስቼዋለሁ። የገባኝ ከስፓኒሽ ጋር ጎን ለጎን ሳየው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ወላጆቿ ከኤልሳልቫዶር የመጡ፣ እዚሁ የተወለደች አንዲት ልጅ ነበረች። ከአያቷ ጋር ያደገች ስለሆነች ቋንቋው አፏ ላይ ውኃ ነው። “ቀላል ኤ ነው” ብላ የገባችው። ፈተና ሲመለስ ግን ከእኔ በታች ናት። “አቤር” የሚለው ድምፅ በጽሑፍ ሁለት ነው፤ አንዱ “እስቲ እንይ”፣ ሌላው “መኖር” እንደ ማለት ነው። እሷ አንዱን በሌላው ትጽፋለች፤ ምልክቶቹንም ትዘላለች። አንድ ቀን “የራሴን ቋንቋ ፈተና ወደቅኩ” ብላ ስትናገር ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ። ስለ “ሰ” እና “ሠ” የምንከራከር ሰዎች ይህችን ልጅ ብናስባት ጥሩ ነው። ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

በወረቀት ጎበዝ የነበረው ሰው አፉን ሲከፍት ጉድ ፈላ። አንደኛው ጉድ የሚያስቅ ነው። በቃል ፈተና ላይ የዕለት ውሎህን ተናገር ስባል “ከእንቅልፌ የምነሣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው” አልኩ። መምህርቷ ዓይናቸውን አፍጠው “በአሥራ ሁለት?” አሉ። እኔም በኩራት “አዎ፣ በየቀኑ!” ለካ እስከ እኩለ ቀን የምተኛ ሰው ሆኛለሁ። አሜሪካ ስንት ዓመት ኖሬ እንግሊዝኛ ስናገር ሰዓቱን እቀይራለሁ፤ አዲስ ቋንቋ ሲመጣ ግን አእምሮዬ ቀጥታ ወደ አገር ቤት ሰዓት ነው የሮጠው። የእኛ ሰዓት ከንጋት እንደሚጀምር ሳስረዳቸው ተገርመው ማርኩን ሙሉ ሰጡኝ።

ሁለተኛው ጉድ አያስቅም። ማለቴ ለእኔ አያስቅም፤ ክፍሉ ግን ስቋል። ስፓኒሽ “ነው” ለሚለው ሁለት ግሥ አለው፤ “ሴር” እና “ኤስታር”። አንዱ ለጠባይና ለማንነት፣ ሌላው ላለህበት ሁኔታ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር ስባል “ሰልችቶኝ ነበር፣ አሁንም ሰልችቶኛል” ለማለት ፈልጌ ግሡን አሳሳትኩትና “እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ” ብዬ አረፍኩት። ልጆቹ ፈነዱ። ከኋላ የነበሩ ሁለት ልጆች ከክፍል ስንወጣ ሁሉ አባባሌን ከነድምፄ ደገሙት። በዕድሜ ወንድሞቼን የሚያክሉ ልጆች! ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤተሰብ የማስተዳድር፣ ለእናቴ ወር ጠብቄ የምልክ ሰው ነኝ። ግን ያን ቀን ባቡር ላይ ሆኜ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ አፌን አልከፈትኩም። ስጠራ “አላውቅም” እላለሁ። መልሱን እያወቅሁት “አላውቅም” እላለሁ።

በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው የዶርሜ ልጅ ትዝ ያለኝ።

ልጁ ከባሌ የመጣ፣ የእኛው ባች፣ የእኛው ዲፓርትመንት ነበር። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ የተማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ፣ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው። ዲፓርትመንቱም ምርጫው ሳይሆን የደረሰው ነበር። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ወንድ መምህራችንን “መምህር፣ የሚድ ውጤት መቼ ትነግሪናለሽ?” አላቸው። ክፍሉ ተገለበጠ። መምህሩም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ ደግሞ በዚያ አላበቃሁም። ዶርም ገብቼ ድምፁን አስመስዬ ደገምኩት። ለሌሎች ዶርሞች አስጎበኘሁት። ሴሚስተሩን ሙሉ “አንቺ” እያልን ሙድ ያዝንበት። እሱም ይስቅ ነበር፤ ስለሚስቅ ቅር ያለው አልመሰለኝም። አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

በአፋን ኦሮሞ “አቲ” ለወንድም ለሴትም ነው። ሁለተኛ መደብ ላይ የፆታ ልዩነት የለም። ልጁ ያደረገው እኔ “ሴር” እና “ኤስታር” ላይ ያደረግሁትን ነው፤ የእናቱ ቋንቋ የማይለየውን ነገር በሌላ ቋንቋ ለመለየት ሲሞክር ተሳሳተ። ይህንን እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን ባዮች፣ የሥነ ልሳን መግቢያ የወሰድን ሰዎች፣ አንዳችንም አላልነውም። ሰው እንዲህ ሲሳሳት ምን እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ እኔ አትላንቲክን ተሻግሬ መቶ ዶላር የኮድ መክፈል ነበረብኝ።

አፌን መልሶ የከፈተልኝ ክፍሉ አይደለም፤ የምሠራበት ኩሽና ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው በጣም ብዙ ኤልሳልቫዶራውያን ያሉበት ነው። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በአገራቸው በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። የእኛ ኩሽና ዋና አብሳይ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፤ ሁሉም “ዶኛ” ብሎ በክብር ነው የሚጠራቸው። ለስንት ጊዜ አብሬያቸው ስሠራ የምንግባባው “ካሊየንቴ!” በምትባል አንዲት ቃል ነበር፤ ትኩስ ድስት ይዘው ከኋላዬ ሲያልፉ የሚጮሁት ነው። አንድ ማታ ሥራው ጋብ ሲል ድፍረት አገኘሁና ውኃ ይፈልጉ እንደሆነ በስፓኒሽ ጠየቅኋቸው። “ቱ ኪዬሬስ አጓ?” አልኩ። ሰላጣ የሚከትፈው ልጅ ቢላውን አቁሞ ቀና አለ።

መጽሐፋችን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ተማሪ ከተማሪ ሲያወራ ስለሚያሳይ አፌ የለመደው “ቱ” ነው፤ “አንተ” እና “አንቺ” ማለት ነው። ለካ እናቴን የሚያክሉ ሴት “ውኃ ትፈልጊያለሽ?” ብያቸዋለሁ። እሳቸው አልሳቁም። አልተቆጡምም። ቀስ ብለው፣ እንደ መዝሙር፣ “ኡስቴ ኪዬሬ አጓ” አሉኝ፤ ደገምኩት። ውኃውን ተቀበሉኝ። ከዚያ አንድ ሳህን ላይ ሩዝና ባቄላ አድርገው ሰጡኝና ብላ አሉኝ። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ እኔ “ኡስቴ” እላቸዋለሁ፣ እሳቸው “ቮስ” ይሉኛል። “ቮስ” በኤልሳልቫዶር ለቅርብ ሰው የሚባል “አንተ” ነው፤ ኮሌጃችን መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። “ኡስቴ” ደግሞ ጥንት “ጌትነትዎ” ከሚል አክብሮት ተጨምቆ የቀረ ቃል ነው። ግሡም እንደ ሩቅ መደብ ነው የሚረባው። እኛም “እርስዎ ይመጣሉ” ስንል ግሡ “እነሱ ይመጣሉ” ከሚለው አንድ ነው፤ “እርስዎ” ራሱ ሥሩ “ርእስ” ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ትልቅን ሰው በቀጥታ መጥራት አስፈርቷቸው ዞር ብለው በሩቅ መጥራታቸው አይገርምም?

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዶርሜ ልጅ ለመምህሩ “አንቺ” አለ፤ እኔ ለዶኛ “አንቺ” አልኩ። እሱን አምሳ ሰው ሳቀበት። እኔን አንዲት የማይጽፉ የማያነቡ ሴት በእርጋታ አርመው ራት አበሉኝ። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። እሱ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አላወጣም።

አሁን ወደ እናንተ መጣሁ። ሐሳቤ ይህ ነው፦ የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ሁሉ፣ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ተማሪ በተለይ፣ ከመመረቁ በፊት ጨርሶ የማያውቀውን አንድ የኢትዮጵያ ቋንቋ ከዜሮ ጀምሮ በግዴታ ይማር። አፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ትግርኛ ይሁን፣ ሲዳምኛ ይሁን፣ ግቢው ውስጥ አስተማሪ የሚገኝለት ማንኛውም ይሁን።

የሚመጣብኝን መልስ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። “ካሪኩለሙ ሞልቷል” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ግን ካሪኩለም ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ የሚጨመርበት ሲፈለግ ቦታ ይገኝለታል። “በግዴታ የሚማሩት ቋንቋ አይገባም፤ እንግሊዝኛን ተመልከት” የሚለኝ ሰው ግን ከበድ ያለ ነገር ነው ያነሣው። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ በግዴታ ተምረነው፣ ፍሬሽ ላይም እንደገና ወስደነው፣ አንድ ፈረንጅ መንገድ ሲጠይቀን ወደ ጓደኛችን የምንዞር ብዙ ነን። መልሴ፦ እንግሊዝኛን የተማርነው በማርክ ፍርሃት ነው። ማንም ሰው ሳህን ላይ ሩዝ አድርጎ አልሰጠንም። እኔም ስፓኒሹን የቻልኩት ኮርሱ በቂ ስለነበረ አይደለም። ኮርሱ በር ላይ አደረሰኝ፤ ኩሽናው አስገባኝ። ኮርሱ ባይኖር ግን በሩ ጋ አልደርስም ነበር። ከዶኛ ጋር አራት ዓመት ሠርቼ “ካሊየንቴ” ብቻ ነበር የማውቀው።

“ፖለቲካ ያደርጉታል” የሚልም አይጠፋም። የቋንቋ ነገር እኛ አገር ሲነሣ ድምፅ ከፍ እንደሚል አላጣሁትም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የታሰበ ጊዜ ስንት ክርክር እንደነበረ እዚህ ሆኜም ሰምቻለሁ። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። የአማርኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ነገ መምህር ሆኖ ሮቤ ወይም ሐዋሳ ይመደባል። ፊት ለፊቱ የሚቀመጡት ልጆች “አንተ” እና “አንቺ”ን ያምታታሉ። ያን ጊዜ ይስቃል ወይስ ያርማል? ራሱ እንደዚያ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው መልሱን ከመጽሐፍ ያገኘዋል ብዬ አላምንም፤ እኔ አላገኘሁትም።

እዚህ አገርም ቢሆን ግዴታው እየተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ቋንቋ የዲግሪ ፕሮግራሞቹን ለመዝጋት ሲወስን ብዙ ተማሪ ሰልፍ ወጥቶ ተቃውሟል። ክርክሩን ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ፤ የሚዘጉትም የሚቃወሙትም የሚያነሡት ሥራ ያስገኛል አያስገኝም የሚለውን ነው። ሰው በሃያ ዓመቱ “እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ” ብሎ ሲሳቅበት ምን እንደሚማር የጻፈ አላጋጠመኝም።

ኮርሱ ከተከፈተ ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ግሬድ አይኑርበት፤ ማለፍና አለማለፍ ብቻ ይበቃል፤ አለዚያ ቋንቋውን የሚያውቁት ልጆች ኤ ለመሸመት ይገባሉ፣ የማያውቁትም ለማርክ ይቸክላሉ። ሁለተኛ፣ አስጠኚዎቹ እዚያው ዶርም ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ይመረጡ፤ ትንሽ ክፍያም ይታሰብላቸው። አማርኛ ላይ ሲሳቅበት የኖረ ልጅ አንዴ እንኳ አስተማሪ ሆኖ ሰሌዳው ፊት ይቁም።

ለዶርሜ ልጅ ባለፈው ዓመት በቴሌግራም ጻፍኩለት። አሁን ባሌ ውስጥ አማርኛ መምህር ነው። ስለ ስፓኒሹ፣ ስለ ዶኛ፣ ስለዚያ ሴሚስተር ሁሉንም ዘርዝሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሁለት ቀን ዝም አለ። እኔም ቢናደድ አይፈረድበትም ብዬ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፣ አንዲት መስመር፦ “አንቺ ደግሞ፣ አሁን ነው የገባሽ?”

ብቻዬን ባቡር ላይ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ቀጥሎ አፋን ኦሮሞ ሊያስተምረኝ ፈቃደኛ እንደሆነ ጻፈልኝ። ዘወትር እሑድ ማታ በስልክ እንማራለን፤ ለእሱ ሰኞ ማለዳ ነው፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት። እስካሁን ሰባት ምዕራፍ ደርሰናል። ድምፄን ለባለቤቱ አሰምቶ አብረው እንደሚስቁብኝም ነግሮኛል።